ጎንበስ ባልኩ ቁጥር

ባለፈው ሐምሌ አንድ ጠዋት ወደ ሥራ ስጣደፍ የቀኝ ጫማዬ ማሰሪያ ተፈታ። ላስረው ጎንበስ አልኩ። ወዲያው ከኋላዬ የተረገጠ ውሻ ጩኸት ሰማሁ። ዘወር ስል አንዲት ቡናማ ውሻ ጅራቷን ወትፋ፣ መኪና አለ የለም ሳትል፣ አስፋልቱን አቋርጣ ትፈረጥጣለች። ድንጋይ አላነሣሁም። ድንጋይ አላሰብኩም። ኧረ ከኋላዬ መኖሯንም አላወቅኩም ነበር።

ነገሩ ቀኑን ሙሉ ሲከነክነኝ ዋለ። መንገድ ላይ የማላውቀው ሰው አይቶኝ ቦርሳውን ብብቱ ውስጥ ሲሸጉጥ የሚሰማኝ ዓይነት ስሜት ነው። "እኔ እኮ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም" እንዳልላት ሄዳለች።

ውሻ ሲመጣ ጎንበስ ማለትን ለአዲስ አበባ ልጅ ማንም ቁጭ አድርጎ አያስተምረውም። እንደ መራመድ በራሱ ጊዜ ያውቀዋል። ድንጋይ መኖሩ ግዴታ አይደለም፤ ጎንበስ ማለቱ ይበቃል። አሁን አሁን እንዲያውም የእግረኛ መንገዱ ሁሉ በንጣፍ ተለብጦ የሚነሣ ድንጋይ ጠፍቷል። ውሾቹ ግን ይህን አልሰሙም። እኛ ጎንበስ ማለትን ከታላላቆቻችን ወረስን፣ እነሱ መሸሽን ከእናቶቻቸው ወረሱ፤ ድንጋዩ ቀርቶ ሥርዓቱ ብቻ ይከበራል።

ችግሩ፣ ጎንበስ የምንለው ለድንጋይ ብቻ አለመሆኑ ነው። የጨዋ ልጅ ታላቁን ሲያይ ጎንበስ ይላል። በቀደም የዕድራችንን ዳኛ በራቸው ላይ አገኘኋቸውና እጅ ነሣሁ። እሳቸው "እግዜር ያክብርህ" አሉ፤ ውሻቸው አጥር ዘለለ።

ቡናማዋን ውሻ ባስደነገጥኳት ማግስት አገኘኋት። ከሰፈራችን በታች ያለው መንደር ለልማት ተነሥቷል። ሰዉ ኮንዶሚኒየም ደርሶት ዕቃውን ጭኖ ሄደ። ፍራሹ ተጫነ፣ ቁም ሣጥኑ ተጫነ፣ ጤናዳሙ ሳይቀር ከነጣሳው ተጫነ። ውሻዋ ቀረች። ቤቱ ፈረሰ፣ አጥሩ ፈረሰ፣ የቆርቆሮው በር ተነቅሎ ተሸጠ። እሷ ግን በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ቁጭ ብላ በሩን ትጠብቃለች። የሚገባ የለም፣ የሚወጣ የለም፤ ሆኖም መንገደኛ በዚያ ሲያልፍ ግቢ እንዳለው ውሻ ትጮህበታለች። ሰውዬው ቢያስበው ከየትኛው ግቢ እየተባረረ እንደሆነ ግራ ይገባዋል።

እዚያ ቦታ ላይ ያለውን ግንባታ የሚጠብቀው ልጅ "ልማት" ብሎ ስም አወጣላት። ልማቱ ሲመጣ ስለቀረች ነው። ጠዋት ጠዋት "ልማት! ኧረ ልማት ወዴት ጠፋች?" እያለ ሲጣራ ይሰማል። አንድ ቀን ደግሞ "ልማት ዛሬም ሳትበላ ዋለች" ሲል የሰማው አንድ መንገደኛ፣ ግራ ቀኙን አይቶ እርምጃውን ሲያፋጥን በዓይኔ አይቻለሁ።

ልጁ በሐምሌ አጋማሽ በራፌን አንኳኳ። "ጋሼ፣ ልማት አምስት ወልዳለች" አለኝ። ዝናቡ ይወርዳል። የወለደችው ቦዩ አጠገብ፣ በተጋደመ ላሜራ ሥር ነው። ለምን ወደ እኔ እንደመጣ ስጠይቀው፣ "እርስዎ ቀደም ሲል ድንጋይ ሳያነሡባት አይቼ ነው" አለ። አየህልኝ፤ በዚህች ከተማ ለእንስሳ ተቆርቋሪ ለመባል ጫማ ማሰር ይበቃል።

እኔ ስለ ውሻ የማውቀው ነገር የለም። የሚያውቅ ሰው ግን አውቃለሁ። የአክስቴ ልጅ ቨርጂኒያ ነው የምትኖረው። እዚያ ባለቤት የሌላቸው ውሾች የሚጠለሉበት ቤት አለ፤ ቤቱ ሲሞላ ፈቃደኛ የሆነ ሰው አንዱን ወስዶ ዘላቂ ጌታ እስኪገኝለት ሳምንታት ያኖረዋል። "ፎስተር" ይሉታል። እኔ "አደራ" ብዬ ተርጉሜዋለሁ። ሥጋ ለውሻ አደራ አይሰጥም እየተባልን አድገን፣ ውሻ ለሰው አደራ ሲሰጥ ማየት ደግ ነው።

ልጅቱ ከእነዚህ ፈቃደኞች አንዷ ናት የሚለው ወሬ አክስቴ ዘንድ የደረሰ ቀን ቤቱ ለቅሶ ቤት መሰለ። "ልጄ አሜሪካ ድረስ ሄዳ የሰው ውሻ ታሳድጋለች! ያውም በነጻ!" ገንዘብ ቢከፈላት ኖሮ ሐዘኑ በግማሽ ይቀንስ ነበር። ጎረቤት ሲጠይቃት እስከ ዛሬ "ሕፃናት ነው የምትንከባከብ" ትላለች። የንስሐ አባቷ ያውቁ እንደሆነ እንጃ።

ልጅቱ የነገረችኝን ሁሉ አላምናትም ነበር። አንድ ጊዜ፣ ውሻው ቆዳው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታክል ነገር ተቀብሮበታል፣ በውስጧም ባለ 15 አኃዝ ቁጥር አለ አለችኝ። ቢጠፋ በዚያ ቁጥር ይገኛል። ለፋይዳ ስንት ቀን ተሰልፌ ያገኘሁት ቁጥር 12 አኃዝ ነው። ውሻው በሦስት በለጠኝ።

በዋትሳፕ ደወልኩላት። እዚያ ሌሊት ነበር፤ ግን "ውሻ" ስላት ነቃች። እኔ አምስቱንም ቡችሎች በካርቶን አድርጌ ቤቴ ላመጣቸው ተዘጋጅቻለሁ። "እንዳትነካቸው!" አለችኝ። እናታቸው እያለች ነጥሎ መውሰድ ማዳን ሳይሆን መስረቅ ነው። ቡችላ ቢያንስ ስምንት ሳምንት እናቱ ሥር መቆየት አለበት፤ ከዚያ በፊት የተነጠለ ለበሽታ ይጋለጣል፣ መንከስና መጫወትን ለይቶ አያድግም። "ታዲያ እኔ ምን ላድርግ?" አልኳት። "እናቲቱን አብላት። ከውኃው ከፍ አድርጋት። ሌላውን እሷ ታውቅበታለች።"

ጀግና ለመሆን ለተዘጋጀ ሰው ይህ በጣም የሚያሳፍር ትእዛዝ ነው።

ጥበቃው ከግንባታው የተረፈ ጣውላ አመጣ። እኔ የተቀደደ ጋቢዬን ሰጠሁ። ላሜራውን በድንጋይ ደገፍነው፤ በዚያ ሰፈር ድንጋይ ለውሻ ጥቅም ሲውል የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም። ልማት ከሩቅ ቆማ ታየናለች። ድንጋዩን ላነሣ ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ትሸሻለች፣ ቀና ስል ትመለሳለች። ቤት እየሠራሁላት መሆኑን ለማስረዳት ቋንቋ አጣሁ።

አከራዬ እማማ ነገሩን በሁለተኛው ቀን ሰሙ። "ውሻ ማንቆለጳጰስ ለጃንሆይ ያምርባቸው ነበር" አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ጃንሆይ ሉሉ የሚሉት ትንሽ ውሻ ነበራቸው፣ ሲሞትም ቤተ መንግሥቱ ግቢ ውስጥ አስቀብረው የመቃብር ድንጋይ አቁመውለታል። "አንተ ግን" ቀጠሉ እማማ፣ "የሁለት ወር ኪራይ አለብህ።"

ምግቡ መጀመሪያ ላይ አላስቸገረም። የሐዋርያት ጾም ሐምሌ 5 ተፈትቶ ሥጋ ቤቱ ተከፍቷል። ባለ ሥጋ ቤቱ ልማትን ከእኔ በፊት ያውቃታል፤ "ደንበኛ" ነው የሚላት። ማታ ማታ ስትመጣ "ደንበኛዬ መጣች" ብሎ ጉልጥምቱን ይወረውርላታል። እኔ በገንዘቤ እየገዛሁ የእሷን ያህል ተስተናግጄ አላውቅም።

ነሐሴ 1 ፍልሰታ ገባ። ሥጋ ቤቱ ተዘጋ። በዚህች ከተማ የሥጋ ቤት ውሻን ያህል ባሕረ ሐሳብ የሚያውቅ ሊቅ ያለ አይመስለኝም፤ በሁዳዴ 55 ቀን ከበሩ ላይ አይታይም፣ የፋሲካ ለታ ግን ከዶሮው ጩኸት በፊት ተሰልፎ ይገኛል። የምታጠባ ውሻ ግን ጾም አታውቅም። ያለን ሽሮ ነው። ለዘመዴ "ሽሮ በእንጀራ ሰጠኋት" ብላት ጮኸች፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ያበላሻል አለች። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም እየተሰነጠቀ አንጀት ይወጋል። እኔ እስከዚያ ቀን ለውሻ ደግ የሠራሁ የመሰለኝ ሁሉ ሽንኩርትና የዶሮ አጥንት ነበር። ሽንኩርት የሌለበት ወጥ እስኪ ከየት ይመጣል? ያገራችን ውሻ ይህን ሁሉ በልቶ መኖሩ ራሱ ገድል ነው።

ሩዝና እንቁላል ቀቅል አለችኝ።

በፍልሰታ፣ በአራተኛው ቀን፣ እንቁላል ቀቀልኩ። ሽታው በመስኮት ወጣ። እማማ ከቅዳሴ ሲመለሱ በሩ ላይ ቆሙ። አሸተቱ። "በዚህ ግቢ እንቁላል የሚሸተው ከማን ቤት ነው?"

"ከእኔ ነው እማማ።"

"ታመሃል?"

"አልታመምኩም። ለውሻዋ ነው።"

ረጅም ዝምታ ሆነ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። "ልጄ" አሉ፣ "በልተህም ከሆነ ንስሐ አለ። በውሻ አታሳብ።" ከዚያ ቀን ጀምሮ ለጎረቤት ሁሉ ስለ እኔ የሚናገሩት በሐዘኔታ ነው። በጎረቤት ቡና ላይ ለእኔ ብቻ ቆሎው ቀርቶ "አንተ እንኳ አትጾምም" እየተባልኩ የፍስክ ብስኩት ቀርቦልኛል። ውሻዋ ጾም ገደፈች፣ ስሙ ለእኔ ተረፈ።

ቡችሎቹ ዓይናቸውን የከፈቱት በሁለት ሳምንት ገደማ ነው። የሰፈሩ ልጆች ስም ሰጧቸው፤ አምስቱንም "ቡቺ"። ከዚያ ፈላጊ መምጣት ጀመረ። የመጀመሪያው ጥያቄ ሁሌም አንድ ነው፤ "ወንድ ነው?" ከአምስቱ ሁለት ወንድ አለ። ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ሴት ማንም አይፈልግም፤ ትወልዳለች። ስለዚህ ወንዱ ግቢ ይገባል፣ ሴቷ ገና ጡት ሳትተው ቦይ ዳር ትጣላለች፤ ከተረፈች እዚያው ትወልዳለች። "ይህ ሁሉ የጎዳና ውሻ ከየት መጣ?" ብለን የምንደነቀው እኛው ነን።

ሁለተኛው ጥያቄ "ዘሩ ምንድን ነው?" ነው። አንዱ ቡችላ ጆሮው ቀጥ ያለ ስለነበር ጥበቃው "በአባቱ ጀርመን ነው" እያለ ያስተዋውቅ ጀመር። ፈላጊዎች በዙ። እኔ ተቆጣሁት። ዘር የመጠየቁ ነገር በሰው ያመጣብን አንሶ ደግሞ ለውሻ! ከዚያ በኋላ ሲጠይቁኝ "የዚሁ ሰፈር ልጅ ነው" ማለት ጀመርኩ። ፈላጊዎች ቀነሱ።

ውሻ መስጠት ልጅ መዳር መሆኑን ያየሁት ያኔ ነው። አንዱ ሰውዬ መኪና ይዞ መጣ፣ ትልቅ ግቢ አለኝ አለ። ውሻው የት እንደሚያድር ስጠይቀው "ሰንሰለት ገዝቻለሁ" አለ፤ ቀንም ሌሊትም ታስሮ፣ ክፉ እንዲሆን። አልሰጠሁትም። "ለውሻ ነው እንዲህ የምትኩራራው?" ብሎኝ ሄደ። ዘመዴ ደግሞ አንድ ነገር መክራኛለች፤ ዓይን የሚስብ ፎቶ አንሣ፣ ጓደኞችህ ጋ ላክ፣ ደብዛዛ ፎቶ ያለው ውሻ ሳይመረጥ ይከርማል። እኔ መታወቂያዬ ላይ ያለውን ፎቶዬን አስታወስኩና ዝም አልኩ።

እናቲቱን ሐኪም ዘንድ የመውሰዱ ነገር መጣ። ታክሲ አይታሰብም፤ ረዳቱ ከሩቁ አይቶን "ሞልቷል" አለ፣ ታክሲው ባዶ ነው። አንድ ባጃጅ ግን ቆመልን። ሹፌሩ ውሻዋን፣ ከዚያ እኔን አየና፣ "የሁለት ሰው ሒሳብ ትከፍላለህ፤ ካስመለሰች የሦስት" አለ። በሦስት ሰው ሒሳብ ደረስን።

ሐኪሟ ደብረ ዘይት የተማረች ወጣት ናት። እከኩን አየች፣ መዥገሩን ለቀመች፣ የትል መድኃኒት ሰጠች፣ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወጋቻት። እኔ ገና መርፌውን ሳይ ሆዴን ያዝኩ። የቤተሰብ በሽታ ነው። አባቴ በልጅነቱ ውሻ ነክሶት ፓስተር ተወስዶ እምብርቱ ዙሪያ 14 መርፌ ተወግቷል። እስኪሞት ድረስ ውሻ ባየ ቁጥር የሚይዘው ድንጋይ ሳይሆን ሆዱን ነበር።

"አሁን እንደዚያ የለም፤ ጥቂት መርፌ ነው፣ እሱም ክንድ ላይ" አለችኝ ሐኪሟ እየሳቀች። ከዚያ ሳቋን ትታ፣ ውሻ የነከሰው ሰው ከሁሉ በፊት ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ ሩብ ሰዓት ሙሉ ማጠብ፣ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ጤና ጣቢያ መሄድ እንዳለበት ነገረችኝ። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚያድነው የለም። በጠበልም በቅጠልም ሲዘገይ የሄደ ሰው ብዙ ነው።

እኔም እንደ ዐዋቂ፣ "ታዲያ ሁሉንም መርዝ በተለወሰ ሥጋ መጨረስ አይሻልም ነበር ወይ የሚል ሰው አለ" አልኳት። የሚለው ሰው የራሴ አጎት ነው። ራሷን ነቀነቀች። ከመቶ ውሻ ሰባው ከተከተበ በሽታው መተላለፊያ አጥቶ ይቆማል። ሲገደሉ ግን የተከተቡትም አብረው ያልቃሉ፤ ቦታው ባዶ ሲሆን ያልተከተቡ አዳዲስ ውሾች ይገባሉ። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ሲባል ነው የማውቀው፤ ውሻ በለቀቀው ውሻ እንደሚገባ ያን ቀን ሰማሁ። በባሌ ተራሮች የእረኞችን ውሾች የሚከትቡ ሰዎች መኖራቸውንም ነገረችኝ። የሚከትቧቸው ለውሾቹ ብቻ ብለው አይደለም። በዓለም ላይ አዋቂዎቹ 500 እንኳ የማይሞሉት ቀይ ቀበሮ፣ ከውሻ በሚጋባ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2003 ብዙ ስላለቀ ነው። አንዲት የእረኛ ውሻ ስትከተብ ቀበሮውም አብሮ ይድናል።

ለካ የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስታውሰው የዓለም ቀን የሚውለው ሉዊ ፓስተር በሞተበት ቀን፣ ብዙውን ጊዜ በእኛ መስቀል ማግስት ነው። ሰውዬው እዚህ ሰፈር በስሙ ተሰይሞለታል። ሰፈሩ ሲጠራ ግን ከሳይንቲስቱ ይልቅ ሆዱን የሚያስታውስ ይበዛል።

"ልጆቿን ካስጣለች በኋላ አምጣት፣ እናመክናታለን" አለችኝ ሐኪሟ። ዋጋውን ነገረችኝ። ኪራዬን አስታወስኩ።

እዚህ ላይ የእማማ ቡና መጣ። ሰኞ ሰኞ ከሰዓት የሰፈር ሴቶች እማማ ቤት ይሰበሰባሉ። ነገሩን ሳነሣ መጀመሪያ ሳቁ። "ዕድራችን ለውሻ አይከፍልም" አለች አንዷ። ሁለተኛዋ ግን፣ ልጇ ባለፈው ዓመት የተነከሰባት ናት፣ ሳትስቅ ከመቀነቷ 100 ብር አውጥታ ረከቦቱ ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ሳቁ ቆመ። አንዷ ኃጢአት ነው ብላ አልሰጥም አለች፤ ግን "ለክትባቱ ከሆነ" ብላ 50 ብር ጨመረች። እማማ ምንም አላዋጡም። "እኔ እንቁላሉን ችያለሁ" አሉ። ምን ማለታቸው እንደሆነ አልገባኝም።

ገንዘቡ ሊሞላ ትንሽ ቀረው። ጳጉሜ ገባ፣ አዲስ ዓመት ዋለ። ከአምስቱ አራቱ ቡችሎች ቦታ አገኙ፤ ሁለቱ ሴቶች እንኳ፣ አንዷ ለባለ ሥጋ ቤቱ እህት፣ አንዷ ጡረታ ለወጡ አስተማሪ። አንዲት ሴት ቀረች።

በመስከረም የመጀመሪያ እሑድ ከቦታው ስደርስ አንድ ሽማግሌ ላሜራው አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። በእጃቸው ፌስታል አለ። ልማት ጭንቅላቷን ጉልበታቸው ላይ አድርጋለች። እኔ ከወር በላይ እንቁላል የቀቀልኩላት ሰው እንኳ እንዲህ አስነክታኝ አታውቅም።

"ውሻዋ የርስዎ ናት?" አልኳቸው።

"መቻል?" አሉ። "አዎ የኔ ነበረች።"

እኔ በእኚህ ሰው ላይ ያላልኩት የለም። ቡና ላይ አምቻቸዋለሁ፣ ለዘመዴ በዋትሳፕ "ጨካኝ" ብዬ ነግሬያታለሁ። ሰውዬው ለካ ሁለት ጊዜ ኮንዶሚኒየም ወስደዋታል። አራተኛ ፎቅ። ሁለት ጊዜም ተመልሳ በእግሯ መጥታለች፤ ሦስተኛ ሲሞክሩ የደረጃው ጎረቤቶች ስብሰባ ጠሩ። ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በሁለት ታክሲ እየመጡ የሳምንቱን አጥንት ያቀብሏታል። እኔ እሑድ አርፍጄ የምነሣ ስለሆንኩ ተያይተን አናውቅም።

በርጩማውንስ ማን አመጣላቸው? ጥበቃው። ጥበቃው ያውቃል። ባለ ሥጋ ቤቱ ያውቃል። ቀስ በቀስ ሲጣራ፣ ከማዶ ያለችው ጀበና ቡና ሻጭ ጠዋት ውኃ ትቀዳላታለች፤ የዳቦ ቤቱ ልጅ የከረመውን ዳቦ ያመጣል፤ አንድ የማላውቀው የባንክ ሠራተኛ ሐሙስ ሐሙስ ወተት ይሰጣታል፣ የሚይዛት ተቅማጥም ከዚያ ነው። እያንዳንዳችን "ያለ እኔ ማን አላት?" እንላለን። ልማት፣ ደንበኛ፣ መቻል እየተባለች በሰባት ቤት ትበላለች። የምታጠባ ውሻ በፍልሰታ ወገቧ የሰፋው ለምን እንደነበር ያን ጊዜ ተገለጠልኝ።

ሽማግሌው ማምከኑን ሲሰሙ አልወደዱም። "እግዜር የሰጣትን..." ብለው ጀመሩና ፍራሹን ከነጤናዳሙ የጫኑበትን ቦታ አዩ። አልጨረሱትም። የጎደለውን ገንዘብ ከደረት ኪሳቸው ቆጥረው ሰጡኝ። ሐኪም ቤትም አብረውን ሄዱ፤ ማደንዘዣው እስኪይዛት ጆሮዋን ሲያሹ የነበሩት እሳቸው ናቸው። የባጃጁ ሒሳብ የአራት ሰው ሆነ።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ አሥር ቀን ደረቅ ቦታ መቆየት አለባት። እነሆ አደራ። እማማን ለመንኩ። "አሥር ቀን" አሉ፣ "ጠበሌ ባለበት በኩል ሳታልፍ። በአሥራ አንደኛው ቀን ሁለታችሁም ትወጣላችሁ።" አልጋዬ ሥር ተኛች። ሌሊት 11 ሰዓት እማማ ለኪዳን ሲወጡ ታጉረመርማለች፤ እማማም ከውጭ ያጉረመርማሉ። እኔ ከሁለቱ መካከል እንቅልፍ አጥቼ ስብሰባ ላይ እተኛለሁ።

አደራ የተቀበለ ሰው የሚከብደው መሸኘቱ ነው ስትለኝ የነበረችው ዘመዴ ለልቅሶው አዘጋጅታኛለች። አሥረኛው ቀን ሲነጋ በሩን ከፈትኩ። ልማት ወጣች። ዞር ብላ አላየችኝም። ቀጥ ብላ ወረደች፣ በሩ ወደነበረበት ቦታ ሄዳ ቁጭ አለች፣ ያለፈውን የመጀመሪያ መንገደኛ ጮኸችበት። አሥር ቀን ከሥራ የቀረች ሠራተኛ ነበረች ለካ።

የቀረችዋን ቡችላ የወሰዳት ጥበቃው ነው። ሰዉ ለመስቀል ወደ ጉራጌ ሲተም እሱም በዘንቢል አድርጓት ሄደ። "ሴት ናት እኮ" አልኩት፣ ለማረጋገጥ። "ሴት ትሻላለች ጋሼ፣ ከቤት አትርቅም፤ እናቷን አላዩም?" አለኝ። ሦስት ወር ሲሞላት የምትከተብበትን ቀን በወረቀት ጽፌ ሰጠሁት። ወረቀቱን አጥፎ ከአውቶቡስ ትኬቱ ጋር አስቀመጠው። ስሟን ምን እንደሚላት ስጠይቀው ትንሽ አሰበና፣ "ምን አገባችሁ" አለ። ደነገጥኩ። ለካ ከጎረቤታቸው ጋር በድንበር ተጣልተዋል፤ በጠራት ቁጥር ይሰሙታል።

ትናንት ጠዋት ከሽማግሌው ጋር ሰላምታ ተለዋውጬ ወደ ሥራ ስጣደፍ ያ የቀኝ ጫማዬ ማሰሪያ እንደ ልማዱ ተፈታ። ልማት ሁለት እርምጃ ርቃ ተቀምጣለች። ቀስ ብዬ ጎንበስ አልኩ። የኋላ እግሮቿ ሊሮጡ ተነሡ፤ የፊተኞቹ እዚያው ቆዩ። እንዲህ ግማሽዋ ቆማ ግማሽዋ ተቀምጣ ታየኛለች። አሰርኩ። ከዚያ ሥራዬ እየረፈደብኝ፣ ያልተፈታውን የግራ ጫማዬንም ፈትቼ እንደገና አሰርኩት።